የሰብዉፈር ሌቭል ማመጣጠን ምንድን ነው?

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ሁለተኛ ሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዙን (ዝቅተኛውን ድምፅ) ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ገዛና ደወለልኝ። «ልዩነቱ አልሰማ አለኝ፤ እስቲ ና ስማልኝ» አለ። ላፕቶፔንና የመለኪያ ማይኬን ይዤ ሄድኩ። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። አሮጌው ሰብዉፈር ከሶፋው 1.5 ሜትር ይርቃል። አዲሱ ቴሌቪዥኑ ጎን ነው፤ እስከ ሶፋው 3 ሜትር አለው። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ ሁለቱም ባለ 10 ኢንች ናቸው። የሚለያዩት በሞዴል ዓመት ብቻ ነው። ከኋላቸው ያለውን የድምፅ መዞሪያ ሁለቱንም መሃል ላይ አድርጎታል። «ይኸው እኩል ናቸው» አለኝ።

ማይኩን ሶፋው ላይ፣ እሱ ሲቀመጥ ጆሮው በሚሆንበት ከፍታ አቆምኩት። አንዱን አጥፍቼ ሌላውን ለካሁ፤ ከዚያ በተራው ያንን። አሮጌው 80 ዴሲቤል፣ አዲሱ 70 አወጣ፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው።

ሌቭል ማመጣጠን የምንለው ይህን ልዩነት በመለኪያ አግኝቶ ማስተካከልን ነው። መዞሪያው የጉልበት መለኪያ አይደለም። «መሃል» ማለት በአንዱ ሞዴል ሌላ፣ በሌላው ሞዴል ሌላ ነው። መዞሪያው ላይ በዓይን እኩል ያደረግነው ነገር አየር ላይ ሲወጣ እኩል ላይሆን ይችላል።

10 ዴሲቤል ትንሽ ቁጥር ይመስላል። በኃይል ሲተመን ግን 10 እጥፍ ነው። ሁለት ሰብዉፈሮች እያንዳንዳቸው 80 ዴሲቤል ቢያወጡና ሞገዳቸው ሶፋው ላይ አንድ ላይ ቢደርስ፣ ድምሩ 86 ይሆናል። አንዱ 80፣ ሌላው 70 ከሆነ ግን ድምሩ ከ82 ብዙም አያልፍም። ወዳጄ ለሁለተኛው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ያገኘው ሁለት ዴሲቤል ከምናምን ነው። ልዩነቱ አልሰማ ማለቱ እውነቱን ነበር።

ሁለተኛ ሰብዉፈር የሚገዛው ደግሞ ለጩኸት ብቻ አይደለም። ዝቅተኛ ድምፅ ረጅም ሞገድ ነው። 40 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከወዳጄ ሳሎን ይበልጣል። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ድምፅ 34 ኸርዝ አካባቢ ነው። ግድግዳው ሥር የቆመ ሰው ሲያገሳ ይሰማዋል፤ ክፍሉ መሃል ያለው ምንም ላይሰማው ይችላል። በእኛ አገር የብሎኬት ግድግዳ ችግሩ ይብሳል። የአሜሪካ ቤቶች የእንጨትና የጂፕሰም ግድግዳ እየተርገበገበ ቤዙን በከፊል ይውጠዋል። ብሎኬት ግን መልሶ ይወረውረዋል። ሁለተኛው ሰብዉፈር ከሌላ ቦታ ሲመጣ አንዱ የጎደለበትን ሌላው ይሞላል። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች መሃል ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰብዉፈሮች እንኳ በመቀመጫዎች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ እንደሚያጠቡ አሳይቷል። አንዱ ካንቀላፋ ግን ይህ ጥቅም አብሮ ይቀራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። እኩል ማለት ምን ማለት ነው? ሶፋው ላይ እኩል መሰማት ነው? ወይስ እኩል መሥራት?

ጥማድ በሬ አስቡ። ቀንበሩ አንድ ነው። አንዱ በሬ እየለገመ ሌላው ከጎተተ፣ እርሻው ለጊዜው ይሄዳል፤ ጎታቹ ግን ቀድሞ ይደክማል። ሰብዉፈርም እንዲሁ ነው። ሶፋው ላይ እኩል እንዲሰማ ብለን የሩቁን ከፍ ካደረግነው፣ ከጓደኛው የበለጠ ይለፋል። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ እጥፍ ኃይል ነው። 6 ከሆነ 4 እጥፍ። ፊልሙ ውስጥ ከባድ ፍንዳታ ሲመጣ ቅርቡ ገና 50 ዋት ሲጠየቅ ሩቁ 200 ይጠየቃል። ከዚያ ድምፁ ይበላሻል፣ ኮኑ (አየሩን የሚገፋው የስፒከሩ ክፍል) መንኳኳት ይጀምራል። የሁለቱም አቅም የሚያበቃው እዚያው ነው።

ስለዚህ ሰብዉፈሮቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ እኔ የምመርጠው መጀመሪያ ሥራቸውን እኩል ማድረግ ነው። የሙያው ሰዎች ይህን ጌይን ማመጣጠን ይሉታል። ሶፋው ላይ እኩል ማድረጉን ደግሞ ሌቭል ማመጣጠን ይሉታል። በንግግር ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ፣ አንድ ሰው «አመጣጥኛለሁ» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ጆን ሙልካሂ የሠራው ነው፣ በነፃ ይወርዳል፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ማይኩ እንደ ዩሚክ-1 ያለ በዩኤስቢ የሚሰካ የመለኪያ ማይክ ቢሆን ይመረጣል። የራሱ ሲሪያል ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር የማስተካከያ ፋይሉ ይወርዳል። የስልክ ማይክ ለሰው ንግግር የተሠራ ስለሆነ ለቤዝ አትመኑት።

ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኙ። ሪሲቨር ስል የዲሹን ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚነዳውን ነው። የሪሲቨሩን የክፍል ማስተካከያ አጥፉ፣ ሌሎቹን ስፒከሮች ዝም አሰኙ። ሰብዉፈሮቹ ላይ ያለውን ክሮስኦቨር (ከየት በላይ ያለውን ድምፅ እንደሚቆርጥ የሚወስነውን መዞሪያ) መጨረሻ ድረስ ክፈቱት፣ ፌዙን (የሞገዱን አነሳስ የሚያዛንፈውን) 0 ላይ አድርጉ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ራሱን በራሱ የሚያጠፋውን ማብሪያ «ኦን» ላይ አድርጉት። ብዙ ሰብዉፈር ዝግ ያለ ድምፅ ሲመጣ ምንም የለም ብሎ ይተኛል። እኔም አንዴ ለግማሽ ሰዓት የተኛ ሰብዉፈር ስለካ ቆይቻለሁ።

ከዚያ አንድ ቦታ ምረጡ። አንዱን ሰብዉፈር እዚያ አስቀምጡ፣ ማይኩን 1 ሜትር ላይ አቁሙ። ከ15 እስከ 200 ኸርዝ ስዊፕ ልቀቁ፤ ከታች ተነስቶ እየቀጠነ የሚወጣ ድምፅ ነው። ማይኩን ሳትነኩ የመጀመሪያውን አንስታችሁ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ላይ ተኩ። ድጋሚ ልቀቁ። ቦታው አንድ ስለሆነ የክፍሉ ተጽዕኖም አንድ ነው፤ የሚቀረው የሰብዉፈሮቹ ልዩነት ነው። ሁለቱን መስመሮች አንድ ገጽ ላይ ደርባችሁ እዩ። አንድ ጫፍ ላይ አትንጠልጠሉ፤ ከ30 እስከ 80 ኸርዝ ያለውን ባጠቃላይ ተመልከቱ። ዝቅ ያለውን መዞሪያ በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ፣ መስመሮቹ እስኪደራረቡ ድረስ ደጋግሙ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለጎረቤት ቀድሞ መንገር ደግ ነው። ስዊፑ ወለሉን አቋርጦ ይወርዳል።

የወዳጄ ሁለቱ እዚህ ላይ በ7 ዴሲቤል ተለያዩ። አዲሱን 7 ከፍ አደረግነው። ወደየቦታቸው መልሰን ሶፋው ላይ ስንለካ ግን አሮጌው 80፣ አዲሱ 77 ሆነ። «አሁንም 3 ቀርቷል እኮ» ብሎ እጁን ወደ መዞሪያው ሰደደ። ተው አልኩት። ያ 3 ዴሲቤል የርቀት ነው፣ የስንፍና አይደለም። በሱ ምክንያት ሩቁን እጥፍ ማሠራት ተገቢ አይመስለኝም።

ሰብዉፈሮቹ የተለያዩ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱ 8 ኢንች ሌላው 12፣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ወሳኙ ትንሹ ነው። እሱ ሳይቸገር የሚያወጣውን ያህል ስጡት፤ ትልቁ የቀረውን ይሸከም።

ቀጥሎ ሁለቱን አብራችሁ ለኩ። የጋራው መስመር ከእያንዳንዱ ለብቻ ከለካችሁት በላይ መሆን አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከሁለቱም በታች ከወረደ እየተሻሩ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ይህ የሌቭል ችግር አይደለም፣ መዞሪያ አያድነውም። የቅርቡን በጥቂት ሚሊሰከንድ ማዘግየት ያስፈልጋል። 1 ሜትር ተኩል የርቀት ልዩነት 4 ሚሊሰከንድ ከምናምን ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን እንደ አንድ ሰብዉፈር ቁጠሯቸው። ከሪሲቨሩ አንድ መውጫ በመንታ ኬብል ብትከፍሏቸው፣ ወይም መዘግየቱን ጭምር ለማስተካከል ሚኒዲኤስፒ (ድምፁን የሚያዘገይና የሚያስተካክል ትንሽ ሣጥን) መሃል ብታስገቡ፣ ሪሲቨሩ ሁለቱን አንድ ላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በሁለት መውጫ ለየብቻ ካገናኛችኋቸው ግን ብዙ ሪሲቨሮች ሲያስተካክሉ እያንዳንዱን ሶፋው ላይ እኩል ያደርጋሉ፤ የለፋችሁበት ይፈርሳል። ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ለእያንዳንዱ ሰብዉፈር የሰጠውን የሌቭል ቁጥር እዩ።

ወዳጄ ቤት ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ሶፋው ላይ 84 ተኩል ደረስን። ከባድ ቤዝ ያለበት ትዕይንት ከፈተና አንድ እጁን አሮጌው ሳጥን ላይ አደረገ። እኔ አዲሱ ላይ። ሁለቱም እኩል ይንቀጠቀጡ ነበር።