የምጽዓት ሰዓት ምንድን ነው?

መቀመጫው ቺካጎ የሆነውና ለትርፍ ያልቆመው ቡለቲን ኦፍ ዘ አቶሚክ ሳይንቲስትስ የምጽዓት ሰዓቱን በጥር ወር ይፋ ባደረገ ቁጥር፣ «ሳይንቲስቶች ዓለም ልትጠፋ ስንት ሰከንድ እንደቀራት አሰሉ» የሚል ዜና በአማርኛም ይሰራጫል። ሰዓቱ ግን የማንም ስሌት ውጤት አይደለም። የባለሙያዎች ቡድን ስለ ኑክሌር መሣሪያ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች አደጋ ተወያይቶ የደረሰበትን ፍርድ፣ ሕዝብና መንግሥታት እንዲሰሙት እኩለ ሌሊት የዓለም ጥፋት ምሳሌ በሆነበት የሰዓት ምስል የሚገልጽበት የኮሙኒኬሽን መሣሪያ ነው።

አመጣጡም ይህንኑ ይመሰክራል። የአቶም ቦምብን በሠራው የማንሃተን ፕሮጀክት የተሳተፉ ሳይንቲስቶች በ1945 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሠረቱት የቡለቲን መጽሔት በ1947 የሽፋን ሥዕል ሲፈልግ፣ ሠዓሊዋ ማርቲል ላንግስዶርፍ ለእኩለ ሌሊት ሰባት ደቂቃ የቀረው ሰዓት ሳለች፤ ሰባትን የመረጠችውም ለዓይኗ ስላማራት ነበር። ይህን እንደ ተደበቀ ነውር የሚያወሩ አሉ፤ ነውር የሚሆነው ግን ሰዓቱን መለኪያ አድርጎ ለወሰደው ብቻ ነው።

ማማ ላይ የቆመን የማሽላ ጠባቂ እናስብ። ዝንጀሮ ከገደሉ ብቅ ሲል ይጮኻል፤ ጩኸቱ ስንት ክንድ እንደቀረ አይለካም፣ ወንጭፍ ማንሳት የሚችለው ሰው እንዲነሳ ግን ያደርጋል። ዝንጀሮው ሲያፈገፍግ ጠባቂው ዝም ቢል ቅድም ዋሸህ የሚለው የለም። ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን የማጭበርበር ማስረጃ አድርጎ ያቀረበ አንድ ተንታኝ ይህን ያጤነው አይመስለኝም፤ በ1991 የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ዋሽንግተንና ሞስኮ ስትራቴጂያዊ መሣሪያዎቻቸውን ለመቀነስ ሲፈራረሙ ሰዓቱ 17 ደቂቃ ድረስ መራቁ ትክክለኛ ሥራው ነበር።

የዚሁ ተንታኝ ጠንካራ ሙግት ሌላ ነው፦ በ1962 የኩባ ሚሳይል ቀውስ (ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳይል በመትከሏ ከአሜሪካ ጋር የተፋጠጠችበት) ዓለምን ከገደል አፋፍ ሲያደርሳት ሰዓቱ ከሰባት ደቂቃ ንቅንቅ አላለም፣ በማግሥቱ ዓመት ጭራሽ ወደ 12 ራቀ። እውነት ነው። ነገር ግን ቀውሱ በ13 ቀናት ውስጥ መጥቶ አለፈ፣ ሰዓቱ ደግሞ የሚከታተለው የእያንዳንዱን ዝንጀሮ ዝላይ ሳይሆን ማሳው አጥር ያለው መሆን አለመሆኑን ነው፤ በ1963 የተፈረመው የኑክሌር ሙከራን በከፊል የሚያግድ ስምምነት አጥር ነበር። ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም አያውቅም በሚለው ቃል ሰዓቱን የሚቃወሙ ወገኖችም ቢሆኑ የሚሟገቱት ድርጅቱ ካልተናገረው ነገር ጋር ነው፤ ቀን አልቆረጠም።

እኔ ግን ድርጅቱንም የምወቅስበት ነገር አለ። በ2020 ከደቂቃ ወደ ሰከንድ ተሻግሮ 100 ሰከንድ አለ፤ በ2025 ደግሞ ከ90 ወደ 89 ዝቅ አደረገው። አንዲት ሰከንድ የተቀነሰበት ሰዓት ሲታወጅለት አንባቢ ልኬት ነው ብሎ ቢያስብ እንዴት ይፈረድበታል? በተጨማሪም ፍርሃት ብቻውን፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ሳይነገር፣ ሰሚውን ያሸሸዋል። አብሮ የሚወጣው መግለጫ መንግሥታት ምን ማድረግ እንዳለባቸው በዝርዝር ያስቀምጣል፣ ዜናው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይሮጣል። የተሠራው ዜና ብዛትም ፖሊሲ መለወጡን አያሳይም።

ከሁሉ የሚከፋው ዓመታትን በሰከንድ ማወዳደር ነው። ሁለቱ ኃያላን ሃይድሮጂን ቦምብ ከሞከሩ በኋላ፣ በ1953፣ የታወጀው ሁለት ደቂቃ ስለ ኑክሌር ጦርነት ብቻ ነበር። ከ2007 ወዲህ ግን የአየር ንብረት ለውጥም ተጨምሯል። በደቂቃዎች ሊያጠፋ የሚችል መሣሪያና በአሥርተ ዓመታት የሚከማች ሙቀት በአንድ ቁጥር ከተጠቃለሉ በኋላ፣ የ2025ቱ 89 ሰከንድ ከሁለት ደቂቃ ስላነሰ ብቻ ከ1953 ይልቅ በ2025 ለኑክሌር ጦርነት ቀርበን ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም።