የመታሰቢያ ሜዳሊያ ምንድን ነው? ሹመት አይደለም

አንድ አስተያየት ሰጪ የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ 8ኛን የወርቅ ሜዳሊያ ፎቶ ለጥፎ «ንጉሡ በዚህ ሜዳሊያ ራሱን የቤተ ክርስቲያን ራስ አድርጎ ሾመ» ይላል። ይህን አባባል ስንት ጊዜ አየሁት! አሁንስ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ሜዳሊያው የ1545 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ ራስ ነው የሚለውን ሕግ ፓርላማው ያወጣው ግን በ1534 ነው። በመሃል 11 ዓመት አለ። የመታሰቢያ ሜዳሊያ ያለቀ ጉዳይ ነው የሚዘክረው። የሠርግ ፎቶ ማንንም አጋብቶ አያውቅም። ማን መሃል እንደሚቆም፣ ማን ከፍሬሙ እንደሚወጣ ግን ባለሠርጉ ይወስናል። እዚህ ከፍሬሙ የወጡት እስከ ሕጉ ድረስ የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ የነበሩት የሮማው ፖፕ ናቸው። ስድስት ጊዜ ላገባ ንጉሥ መቼም ምሳሌው አይከፋም።

«ራሱን አምላክ አደረገ» የሚሉም አሉ። እስቲ ጽሑፉን አንብቡት። ከፊት፣ በንጉሡ ምስል ዙሪያ፣ በላቲን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የአየርላንድ ንጉሥ፣ የእምነት ጠባቂ፣ በምድርም «ከክርስቶስ በታች» የእንግሊዝና የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ይለዋል። «ከክርስቶስ በታች» የገባው ለጌጥ አይደለም። ሄንሪ ቅስና አልተቀበለም፤ ልቀድስም አላለም። የፈለገው አስተዳደሩን ነው፦ ሹመቱን፣ ዳኝነቱን፣ ገንዘቡን። ፕሮቴስታንት ሆነ ለማለትም አትቸኩሉ። በ1539 ባወጣው ሕግ ኅብስቱ ሥጋው መሆኑን የካደ ሰው በእሳት ይቃጠል ነበር።

«የእምነት ጠባቂ» የሚለውንስ ማን ሰጠው? ፖፕ ሊዮን 10ኛ፣ በ1521፣ ሉተርን ተቃውሞ ስለጻፈ። ከሮማ ጋር ሲፋታ ቀለበቱን አልመለሰም፤ ፓርላማው አጸናለት።

«የኛም ነገሥታት እኮ እንዲሁ ነበሩ» የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሥዩመ እግዚአብሔር የሚባለው ንጉሥ እንኳ አቡኑን የሚያስመጣው ከእስክንድርያ ነበር። ሄንሪ የበጠሰው እንዲህ ያለውን ገመድ ነው።

ሜዳሊያው የሕዝብ አዋጅም አልነበረም። ጀርባውን ገልብጡት። ያንኑ ማዕረግ በዕብራይስጥና በግሪክ የሚደግም ጽሑፍ ነው የሞላው። ከላቲኑ ጋር ሦስቱ በጌታ መስቀል ላይ የተጻፈባቸው ቋንቋዎች ናቸው (ዮሐ. 19፥20)። በዚያን ዘመን ለንደን ገበያ ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያነብ ማን ነበር? ይህ ለተማረውና ለቤተ መንግሥት ሰው የተሠራ ነው። የገንዘብ ዋጋ አልተጻፈበትም፤ ዳቦ አይገዛም።

ሕዝቡ እጅ የሚገባው ሳንቲም ነበር። በእነዚያው ዓመታት ደግሞ ሳንቲሙ የሚሠራበት ብር ክፉኛ በመዳብ ተበርዟል። የንጉሡ ፊት ወደ ፊት ለፊት ሲቀረጽ ቀድሞ የሚፋቀው አፍንጫው ነው። ከሥር መዳቡ ብቅ ሲል ጊዜ ንጉሡን «መዳብ አፍንጫ» አሉት።

«አንዱን አገኘሁ» ብላችሁ ፎቶ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። የቆዩ ሜዳሊያዎች በኋላ ዘመን ቅርጻቸው እየተወሰደ፣ የቀለጠ ብረት እየፈሰሰበት ቅጂ ይሠራላቸዋል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። ስለዚህ መመዘኑ ብቻ አይበቃም፤ ወርዱንም ለኩ። ደግሞ እባካችሁ፣ እንዲያበራ ብላችሁ አትፈትጉት።