የጃኩዚ ውሃ ማከሚያ ዘዴዎች

የጃኩዚ (አረፋ የሚያወጣ የሙቅ ውሃ ገንዳ) ውሃ በየቀኑ አይቀየርም። ያው ውሃ ይሞቃል፣ ይሽከረከራል፣ በማጣሪያ አልፎ ይመለሳል። ስለዚህ ጀርም እንዳይራባበት መታከም አለበት። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ የጨው መሣሪያ፣ ኦዞን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ የብርና የመዳብ አዮን (በኤሌክትሪክ የተሞሉ የብረት ቅንጣቶች)፣ ቢጓናይድ (ክሎሪንም ብሮሚንም የሌለበት ጀርም ገዳይ)። ለመምረጥ የሚረዳው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ፣ ጀርም ቶሎ የሚገድል ነገር እዚያው ውሃው ውስጥ አለ ወይ? ክሎሪንና ብሮሚን ይህን ያሟላሉ። ኦዞንና ጨረር አያሟሉም።

ገንዳው ራሱ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ ከሄደ ጃኩዚ ከሚባል ፓምፕ ሠሪ ቤተሰብ ነው። ካንዲዶ ጃኩዚ በመገጣጠሚያ ሕመም ለሚሠቃይ ልጁ ብሎ ያሠራው የገንዳ ውሃ የሚያናውጥ ተንቀሳቃሽ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ቀረበ። በ1968 ደግሞ የቤተሰቡ አባል ሮይ ጃኩዚ ፓምፑ አብሮ የተገጠመለትን ገንዳ አወጣ።

ከመዋኛ ገንዳ የሚለይበት

ጃኩዚ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ከዚያ በላይ ለሰውም አይመከርም። ሙቀቱና አረፋው ክሎሪንን ቶሎ ያሟጥጣሉ። ውሃው ደግሞ ትንሽ ነው። 1,500 ሊትር ውስጥ አራት ሰው ሲገባ ላቡ፣ የቆዳ ቅባቱና ሎሽኑ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ኬሚካሉ ጀርም ጋር ሳይደርስ ይህን ቆሻሻ ሲያቃጥል ያልቃል። የመዋኛ ገንዳ ልምድ ያለው ሰው እዚህ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ ለመዋኛ የሚበቃ መጠን ለጃኩዚ አይበቃም።

የሚያሰጉት ጀርሞች በዋናነት ሁለት ናቸው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የፀጉር ስር ገብቶ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው የዋና ልብስ በሸፈነው ቦታ ይብሳል። ሌጂዮኔላ ግን ጨዋታ አይደለም። ከውሃው በሚነሣው ጉም ተሳፍሮ ሳንባ ይገባል፣ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በተካሄደ የአበባ ትርኢት ላይ ለዕይታ ከቀረበ ጃኩዚ በተነሣ ወረርሽኝ ቢያንስ 32 ሰዎች ሞተዋል። በ2019 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና አንድ ዓውደ ርዕይ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ከ130 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራቱ ሞቱ። እዚያም የተጠረጠሩት ለዕይታ የቀረቡ ጃኩዚዎች ናቸው። ልብ በሉ፣ ለመታመም ገንዳው ውስጥ መግባት አላስፈለገም። በአጠገቡ ማለፍ በቂ ነበር።

ክሎሪን

አንጋፋው ክሎሪን ነው። የተጠናውም የተጻፈለትም እሱ ስለሆነ እዚህም ሰፊውን ቦታ ቢይዝ አይገርምም። ስዊድናዊው ካርል ቪልሄልም ሼለ በ1774 አገኘው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን ገልጾ ስም አወጣለት። በ1908 የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ የመጠጥ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ከውሃ ወለድ በሽታ ያተረፈውን ሰው ቁጥር የሚተካከል ሌላ የውሃ ማከሚያ መጥቀስ ይከብዳል።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል። ጀርም ገዳዩ ይህ ነው። የዚህ አሲድ ድርሻ በፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያድግ አሲዳማነቱ ይቀንሳል) ይወሰናል። ፒኤች 7.5 ላይ ግማሽ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል። 8 ላይ ሩብ እንኳ አይሞላም። ችግሩ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃው እያስወጣ ፒኤችን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ክሎሪን ብቻ መጨመር ዋጋ የለውም፤ ፒኤችም መጠበቅ አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለጃኩዚ ቢያንስ በሊትር 3 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን፣ ፒኤቹም ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን ይመክራል።

ክሎሪን በተለያየ መልክ ይመጣል። ዳይክሎር የሚባለው ዱቄት ቶሎ ይሟሟል፣ ፒኤችንም ብዙ አያናጋም። ለዚህ ነው በጃኩዚ ባለቤቶች ዘንድ የተወደደው። ሆኖም ሳያኑሪክ አሲድ (ክሎሪንን ከፀሐይ የሚጠብቅ ኬሚካል) ይዞ ይገባል፤ 10 ሚሊግራም ክሎሪን ሲጨመር ወደ 9 ሚሊግራም የሚጠጋ ሳያኑሪክ አሲድ አብሮ ይጨመራል። ክሎሪኑ ያልቃል፣ አሲዱ ግን ይጠራቀማል፣ የክሎሪኑንም ጉልበት ያስራል። ሲዲሲ በጃኩዚ እንዲህ ያለ ክሎሪን እንዳይገባ ይመክራል። አንዳንድ ባለቤቶች አዲስ ውሃ በዳይክሎር ጀምረው ትንሽ ሲቆዩ ወደ ተራ በረኪና ይዞራሉ። ለቤት ጃኩዚ አስተዋይ መንገድ ይመስላል፣ በረኪናው ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት እስከሆነ ድረስ። ካልሲየም ሃይፖክሎራይትም ይሠራል፤ ውሃው ጠንካራ (ካልሲየም የበዛበት) ከሆነ ግን ማሞቂያው ላይ ነጭ ዝቃጭ ይጋግራል። ትራይክሎር እንክብል በጣም አሲዳማ ነው፣ ለጃኩዚ አይሆንም።

አንድ የተለመደ ስሞታ አለ፦ «ጃኩዚው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ በዝቶበታል።» ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ክሎራሚን ነው። ዓይን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። መፍትሔው ክሎሪን መቀነስ ሳይሆን በብዛት ጨምሮ ክሎራሚኑን ማቃጠል ነው።

ብሮሚን

በ1826 ፈረንሳዊው አንትዋን ባላር ያሳወቀው ብሮሚን የክሎሪን ዘመድ ነው። ሙቅ ውሃ ይስማማዋል ይባላል፤ ለዚህም ምክንያት አለ። ፒኤች 8 ቢደርስ እንኳ ከአምስት እጅ አራቱ ገዳይ በሆነው መልኩ ይቆያል። ከላብ ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ብሮማሚንም እንደ ክሎራሚን አይደክምም። ሲዲሲ የሚመክረው መጠን በሊትር ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም ነው። ብዙውን ጊዜ በሚንሳፈፍ ዕቃ ውስጥ በሚቀልጥ እንክብል ይሰጣል። ፀሐይ ግን ትበላዋለች፤ ሳያኑሪክ አሲድም ከፀሐይ አያድነውም። አንዴ ብሮሚን የገባበት ውሃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር ክሎሪኑ ብሮሚኑን መልሶ ያነቃዋል እንጂ ገንዳው የክሎሪን ገንዳ አይሆንም። ሐሳቡን የለወጠ ሰው ውሃውን አፍስሶ መጀመር አለበት።

ሌሎቹ

የጨው መሣሪያ «ከክሎሪን ነፃ» እየተባለ ሲሸጥ ይሰማል። ስህተት ነው። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ጨውን ከፋፍሎ ያንኑ ክሎሪን ይሠራል። ጥቅሙ በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ማምረቱ ነው።

ኦዞን ኃይለኛ ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ከ1906 ጀምሮ የመጠጥ ውሃዋን አክማበታለች። አልትራቫዮሌት ጨረርም፣ በተለይ 254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ጎበዝ ነው። ክሎሪንን ለቀናት የሚቋቋመውን፣ ተቅማጥ የሚያመጣውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ሳይቀር ያመክናል። ሁለቱም ግን የሚሠሩት ውሃው መሣሪያው ጋ ሲደርስ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የለቀቀውን ጀርም እዚያው አይገድሉም። ክሎሪንን ያግዛሉ፣ አይተኩትም።

የብርና የመዳብ አዮን ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። አንዳንድ ተጠቃሚ ቆዳዬ ተስማማው ይላል፣ ይሆናል። ክሎሪን ወይም ብሮሚን ግን ከጎኑ ያስፈልገዋል። ቢጓናይድ ከክሎሪንም ከብሮሚንም ጋር አይቀላቀልም። ፖታሲየም ሞኖፐርሰልፌት የሚባለው «ክሎሪን አልባ ሾክ» ቆሻሻ ያቃጥላል እንጂ ብቻውን ጀርም አጥፊ ተብሎ አይቆጠርም።

ምርመራና ውሃ መቀየር

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ ውሃው በወረቀት ወይም በጠብታ ይለካል፣ ቢቻል ከመግባት በፊት። ሮዝ ቀለም የሚያወጣው ዲፒዲ የሚባለው ምርመራ አንድ ወጥመድ አለበት፤ ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል። ያኔ ዜሮ የሚመስለው ውሃ በክሎሪን የታጨቀ ሊሆን ይችላል። ኬሚካል ሲጨመር ኬሚካሉ ወደ ውሃ ነው የሚገባው፣ ውሃ ወደ ኬሚካል አይፈስም። ሁለት ዓይነት ክሎሪን በደረቁ መቀላቀል ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ማንኪያውም ለየብቻ ይሁን።

ቧንቧው ውስጥ የሚጣበቀውን የጀርም ልጣፍ ግን ክሎሪን በቀላሉ አይነካውም። ስለዚህ ውሃው ከመፍሰሱ በፊት የቧንቧ ማጽጃ ገብቶ ይሽከረከራል፣ ማጣሪያውም ይታጠባል። ውሃ መቼ ይቀየር ለሚለው ሲዲሲ ቀላል ስሌት አለው። በጋሎን የተሰጠው ወደ ሊትር ሲመለስ የገንዳውን ሊትር በ11.4፣ የተገኘውን ደግሞ በቀን በሚገቡት ሰዎች ቁጥር ማካፈል ነው። 1,500 ሊትር ይዞ በቀን አራት ሰው የሚገባበት ጃኩዚ በ33 ቀን ገደማ ይቀየራል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ከሆነ ወደ አራት ወር ይሄዳል።