«ተመስገን» ስንል የምንዘለው ሰው

ጎጃም ውስጥ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፤ ለሁሉም መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ዝናብ ቢዘገይም ይመስገን፣ በሬ ቢሞትም ይመስገን። ደስ የሚል ልማድ ነው። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ ቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ስለሆነም ማወደስ አታውቁም የሚለን የለም። ቤት ስንገባ ግን፣ በተለይ ትዳሩ ከቆየ፣ ምስጋናው ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። አጠገባችን ላለው ሰው አይደርስም። ለዚህም የተለመዱ ሰበቦች አሉን፤ ብዙዎቹን የምንናገራቸው በሃይማኖት ስም ነው።

«ለሚስት አመሰግናለሁ አይባልም፤ ባዳ ያስመስላል»

ይህን ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ ትሰሙታላችሁ። እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አባወራው ማሳ ላይ ሲያርም ውሎ ይመጣል። ሚስቱ እጁን ታስታጥበዋለች። መሶቡ ይቀርባል፣ ወጡ ይወጣል፣ ጠላው ይቀዳል። እሷ እስካሁን አልተቀመጠችም። እሱ በልቶ ሲጨርስ ያማትባል፣ «ተመስገን ጌታዬ» ይላል፣ መደቡ ላይ ጋደም ይላል። አለቀ። ጤፉን ያበጠረችው፣ ሊጡን ያቦካችው፣ ጭስ ዓይኗን ያቃጠላት ሴት እዚያው ቆማለች።

ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችን ምስጋና እንዲህ አይደለም። ቅዳሴ ላይ የምንሰማውን የምስጋና ጸሎት አስታውሱ። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ምክንያቱን ይዘረዝራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። በደፈናው «ተመስገን» ብሎ አያልፍም፤ ስለ ምን እንደሚያመሰግን አንድ በአንድ ይናገራል። መጽሐፈ ምሳሌም ምዕራፍ 31 ላይ ስለ ልባሟ ሴት ሲናገር ልጆቿ እንደሚያሞግሷት፣ ባሏም እንደሚያመሰግናት ይገልጻል። ባሏ ራሱ እንጂ ለቀስተኛው አይደለም። ብዙ እናቶች ሙገሳውን የሚያገኙት ከሞቱ በኋላ ነውና ይህችን ማስታወስ አይከፋም።

«አመሰግናለሁ» ማለት የቢሮ ወግ መስሎ ከከበደ የራሳችን አነጋገር ሞልቷል። ማዕዱ ሲነሳ «እጅሽ ይባረክ» ይባላል። ከእርሻ ለመጣ ባልም «ድካምዎን ይቁጠርልዎ» ይባላል፤ ባሏን አንቱ የምትል ሚስት እንዲህ ብትል ክብሩ አይቀንስም። ይህ ማንን ባዳ አስመስሎ ያውቃል?

«እግር ማጠብ የሴት ግዴታ ነው»

በገጠሩ ማታ ማታ የባልን እግር ማጠብ የቆየ ወግ ነው። ለደከመ እግር ለብ ያለ ውሃ ትልቅ ፍቅር ነው፤ ወጉን አልነቅፍም። ግን የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ሲያጥቡ ሁላችንም አይተናል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። ያጠበው ጌታው፣ የታጠቡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እኛ ግን ጉልባኑን በልተን ትምህርቱን ቤተ ክርስቲያን ትተን እንመለሳለን።

«አመስጋኝ ሴት ሁሉን ትችላለች»

ይኼኛው ከሁሉም ያመኛል። የምትደበደብን ሴት «ቻይው፣ ትዳር ነው፣ ደግሞም አመስግኚ» የሚሉ መካሪዎች አሉ። ኢዮብንም ይጠቅሳሉ፦ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ»። እውነት ነው፣ ይህ ምዕራፍ 1 ላይ አለ። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ያው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ደግሞ እናጽናናህ ብለው መጥተው በነዘነዙት ወዳጆቹ ላይ ነው። መዝሙረ ዳዊትን ጠዋት ጠዋት የሚደግም ሰውም ምን ያህሉ እሮሮ እንደሆነ ያውቃል። ማመስገን ማለት ሕመምን መደበቅ አይደለም።

ለባሎች የተጻፈውን ደግሞ ማንም አይጠቅሰውም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ሚስቶቻችሁን አክብሩ ይላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል። ሚስቱ ላይ ዱላ እያነሳ የሚጾም፣ የሚሰግድ ሰው ይህን ቢያነብ ምን ይል ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ካልሆነም ሕግ አለ። ሕግ ፊት መቅረብ ከምስጋና መጉደል አይደለም።

«ስለቱን ካስገባን አመስግነናል»

ስለት መልካም ነው። የንግሡ ዕለት በማይክሮፎን የሚነገረውን ግን ስሙ፦ «አቶ እገሌ ከነቤተሰባቸው አንድ ሙክት!» እልል ይባላል። ያንን ሙክት አተላ እያጠጣች ያደለበችው ሴት «ከነቤተሰባቸው» ውስጥ ናት። ሉቃስ 17 ላይ ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች ለማመስገን የተመለሰው አንዱ፣ በእጁ ምንም አልያዘም። ተመልሶ መጥቶ በጌታ እግር ላይ ወደቀ፤ በቃ።

«ቁርባን የሽማግሌና የአሮጊት ነው»

ነገሩ እንዲህ ነው። በድንግልና ያሉ በተክሊል ይጋባሉ። ጎጃም ውስጥ ግን ብዙው ሰው በሰማንያ ይጋባል፣ ይወልዳል፣ ያሳድጋል። ከዚያ ጉልበት ሲደክም «እንግዲህ እንቁረብ» ይላል። ሰበቡ ይገባኛል፤ ከቁርባን በኋላ እንደ ሰማንያው በቀላሉ መፋታት የለም። ጾሙም ጠንከር ይላል።

ሕፃናቱ ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ያኔውኑ ይቆርባሉ። ዕድሜ ቢከለክል ኖሮ እነሱን ይከለክል ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስትም ንስሐ ገብተው፣ በንስሐ አባታቸው ምክር አብረው መቁረብ ይችላሉ፤ ጥርስ እስኪረግፍ መጠበቅ የለባቸውም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ልጆች ሲያለቅሱ፣ ገንዘብ ሲያጥር፣ አማት ሲያኮርፉ የቆረበ ትዳር ነው በረከቱን የሚያውቀው። የሚያጣላ ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ መቁረብም ጥሩ ነው፤ ግን ያ ሁሉ ዓመት ለምን ያምልጥ?

«ልጅ የሌለው ትዳር ምን ይዞ ያመሰግናል?»

ሴቲቱን «መካን» ብሎ ለመፍታት የሚቸኩል ዘመድ አይጠፋም። ሉቃስ ግን ዘካርያስና ኤልሳቤጥን ጻድቃን ያላቸው ዮሐንስን ከመውለዳቸው በፊት ነው። ምዕራፍ 1 ላይ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ያለ ነቀፋ መኖራቸውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ልጅ እንዳልነበራቸው፣ መልአኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ባሏ የሞተባት ቆራቢ የግድ ትመንኩስ»

ምንኩስና በፈቃድ እንጂ በዘመድ ጉባኤ አይወሰንም። ሐዋርያው ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነፃ ናት ይላል። ካህን ነው ሚስቱ ብትሞት ክህነቱን ይዞ ሁለተኛ ማግባት የማይችለው። እናታቸው ቆብ እንድትጭን የሚጣደፉ ልጆችን ሳይ ደግሞ፣ አንዳንዴ ከቆቡ ጀርባ የመሬት ጉዳይ አለ። ይህን ንስሐ አባቱም ቀበሌውም ያውቀዋል።