የሀቫሱፓይ ሕዝብ የደም ናሙና ጉዳይ

ሀቫሱፓይ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ የሚኖር፣ ቁጥሩ 650 ገደማ የሆነ ነባር ሕዝብ ነው። ስሙ በራሱ ቋንቋ የሰማያዊ አረንጓዴ ውሃ ሰዎች ማለት ሲሆን፣ ዋና መንደሩ ሱፓይ የመኪና መንገድ የማይገባባት፣ ፖስታ እንኳ በበቅሎ ተጭኖ የሚደርስባት ናት። በ1882 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥት ሕዝቡን በ518 ኤከር መሬት ላይ ወሰነው፤ ከተወሰደበት 185,000 ኤከር ያህሉ የተመለሰለት በ1975 ነበር።

የደሙ ነገር የተጀመረው በሕመም ነው። የስኳር ሕመም በመንደሩ ተስፋፍቶ የብዙዎችን እግር አስቆርጧል፣ ሌሎችን ለኩላሊት እጥበት ከሸለቆው አስወጥቷል። በ1989 የጎሣው አባላት ለዓመታት የሚያውቋቸውንና የሚያምኗቸውን የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅ ባህልና ማኅበረሰብ ተመራማሪ) ጆን ማርቲንን እርዳታ ጠየቁ፤ እሳቸውም ከዘረመል ተመራማሪዋ ቴሬዝ ማርኮው ጋር አገናኟቸው። ማርኮው ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመምም ማጥናት እንደሚፈልጉ ሲያነሡ፣ ማርቲን ጎሣው ለዚህ ፍላጎት የሚኖረው እንደማይመስላቸው ነግረዋቸው ነበር። ከ1990 እስከ 1994 ደም ተሰበሰበ። ሰዎቹ የፈረሙበት ቅጽ የጥናቱን ዓላማ የባሕርይና የጤና ችግሮችን መንስኤ መመርመር ነው ይላል፤ ደም ሰጪዎቹ ግን በቃል የተነገራቸው ስለ ስኳር ሕመም ብቻ እንደነበር ይናገራሉ። ተመራማሪዋ በበኩላቸው ፈቃዱ ሰፊ ስለነበር ያጠፉት ነገር እንደሌለ ተከራክረዋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በጆሮው የሰማው ቃል ከቅጹ ያነሰ ክብደት ሊሰጠው እንዴት እንደሚገባ ግን ለማስረዳት የሚቻል አይመስልም።

ናሙናው ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻና ስለ ጥንታዊ ፍልሰት ለሚያጠኑ ሥራዎችም ዋለ። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ለሚቆጥር አንባቢ፣ የአንድ ሕዝብ ስም ሳያውቀው ከዘመዳሞች ጋብቻ ጋር ሲነሣ ምን ያህል እንደሚያም ማስረዳት አያስፈልግም። የፍልሰቱ ጥናት ደግሞ የሀቫሱፓይ አባቶች ከእስያ መምጣታቸውን የሚያመለክት በመሆኑ፣ በሸለቆው ውስጥ ተፈጠርን ከሚለው እምነታቸውና የመሬት ባለመብትነታቸው ከቆመበት መሠረት ጋር ተጋጨ።

በመጋቢት 2003 በዩኒቨርሲቲው ትማር የነበረችው የጎሣው ተወላጅ ካርሌታ ቲሉሲ፣ ማርቲን ጋብዘዋት፣ በሕዝቧ ደም ላይ የተሠራ የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ ለማዳመጥ ገባች። እርሷም ደም ከሰጡት አንዷ ነበረች። ገለጻው ሲያበቃ ተነሥታ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ጠየቀች። ጎሣው ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች መሬቱን እንዳይረግጡ አገደ፤ በ2004 ክስ ተመሠረተ። የሥር ፍርድ ቤት በ2007 ክሱን ቢዘጋውም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2008 እንዲቀጥል ወሰነ። በሚያዝያ 2010 ጉዳዩ በዕርቅ አለቀ፦ ዩኒቨርሲቲው ለ41 የጎሣው አባላት 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። በዕርቅ ስላለቀም በፍሬ ነገሩ ላይ ብይን አልተሰጠም። ሽማግሌዎችና ወጣቶች በጓንት እጃቸውን ሸፍነው ደሙ የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ፊት ሲቆሙ፣ በቋንቋቸው ዘመሩ፤ ከመካከላቸው ያለቀሱም ነበሩ። ደሙ የአንዳንድ በሕይወት የሌሉ ዘመዶቻቸውም ነበርና።

ሌላው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቫሆ በ2002 በግዛቱ የዘረመል ምርምር እንዲቆም ወስኖ ነበር። ሲሲተን ዋፔተን የተባለው ነባር ሕዝብ ተወላጇ ምሁር ኪም ቶልቤር በበኩላቸው የጎሣ አባልነት በፖለቲካዊ ሥልጣንና በዝምድና እንጂ በዲኤንኤ ምርመራ እንደማይወሰን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከ2011 ጀምሮ ነባር ሕዝቦችን በጂኖም (በአንድ ሰው ሙሉ የዘረመል መረጃ) ምርምር የሚያሠለጥን የበጋ መርሐ ግብር ተመሥርቷል፤ በሳውዝ ዳኮታ ሻየን ሪቨር ሲዩ በተባለው ነባር ሕዝብ ግዛት ውስጥም በ2018 የነባር ሕዝቦች ሳይንቲስቶች የሚመሩት የናሙና ማከማቻ ተቋቁሟል። እዚያ ደሙና መረጃው የሚቀመጠው በሕዝቡ ምድር ላይ፣ በሕዝቡ ሕግ ሥር ነው።