«በብርሃን ባክቴሪያ ይገድላል» ሲባል የትኛው ብርሃን?

እንዲህ እየተባለ በምግብ ማዘጋጃ ጠረጴዛ ላይ የሚቀባው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ውህድ ፎቶካታሊስት ነው፤ በብርሃን ኃይል ኬሚካላዊ ለውጥ ያስነሣል፣ ራሱ ግን አያልቅም። ብርሃን ሁሉ አይበቃውም። አናታዝ የተባለው ዓይነቱ ከ388 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ ሞገድ፣ ማለትም ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይፈልጋል፤ ተራው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ይህን የለውም ማለት ይቻላል።

ትክክለኛው ጨረር ሲያርፍበት ከእርጥበት ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል፤ እንደ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን ሽፋን የሚበሳው በዋናነት እሱ ነው። ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ርቆ አይሄድም፤ ከተቀባው ገጽ የራቀ ባክቴሪያ ይተርፋል።

ትልቅ እንቅፋት የሚሆነው ቅባት ነው። የሥጋ ስብ ወይም የወተት ቅሪት ጨረሩን ይጋርዳል፣ ራዲካሉንም በከንቱ ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ማጠብና ማለቅለቅ፣ ከዚያ የአልትራቫዮሌት መብራቱን ማብራት ያስፈልጋል። ባክቴሪያውን መግደሉ ብዙ ጊዜ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ላይ ሰላጣ ለመክተፍ በፍጹም አትተማመኑበት።