ቴሌቪዥኑ «በነፃ» ሲል መስኮቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ

ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት ክፍል ነው የምሠራው። እህል ጎተራ ገብቶ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ሲሰበሰብ የቴሌቪዥን ዜናውም ይጀምራል። አዳራሽ፣ ባነር፣ «ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ አሳክተናል» የሚሉ ኃላፊ፤ ማሳረጊያው ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት «ተመስገን፣ በነፃ እየታከምኩ ነው» ይላሉ። በማግሥቱ ዜናውን የሰማ ሁሉ እኔ ጋ ይሰለፋል።

ይዘው ከሚመጡት ጥያቄ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬ ይመለስ።» መድኑ ዕድር እንጂ ዕቁብ አይደለም።

«ለመውለድ መድን ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ የመድን ካርድ ላለውም ለሌለውም አይከፈልባቸውም።

«ከደመወዛችን 3 በመቶ ይቆረጣል ተብሎ ነበር፣ ታዲያ ካርዳችን የታለ?» መምህራን ናቸው የሚጠይቁኝ። እሱ ማኅበራዊ ጤና መድን ነው፤ አዋጁ በ2002 ወጥቶ ትግበራው ስንት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። የእኛው፣ ማኅበረሰብ አቀፉ፣ በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው፣ የአርሶ አደሩና የደመወዝተኛ ያልሆነው ነው። ዜና አንባቢው ሁለቱንም «የጤና መድን» ብሎ ያልፋል፣ ማብራሪያው ለእኔ ይተርፋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ። «ነፃ»!

ማን ነው ነፃ ያለው? አባወራው በሬ ሸጦም ሆነ ጤፍ ሸጦ ከፍሏል። መክፈል ለማይችለው ድሃም መንግሥት ይከፍልለታል። ቃሉ የሚጎዳው ደግሞ ጠያቂን ዝም ስለሚያሰኝ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባት አሉ፤ በየዓመቱ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ። የስኳር መድኃኒታቸው ሜትፎርሚን አልቆብን «የለም አባባ» ስላቸው «ግድ የለም ልጄ፣ በነፃ የሰጣችሁኝ ይበቃል» ብለው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በዚያ ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒቱ ለምን አለቀ? ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ያክማል፣ ከዚያ ሂሳቡን ሠርቶ ከመድኑ ይጠይቃል። ክፍያው ከዘገየ የምንገዛበት ብር የለንም፤ ብር ሲኖር ደግሞ አቅራቢው ጋ ዕቃው የማይገኝበት ጊዜ አለ። ይህ ዜና አይሆንም። አንድ ጊዜ ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር፤ ያሉትን ካርቶኖች ወደ ፊት እንድደረድር ጠየቁኝ። ደረደርኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ «የለም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲጻፍና ማህተም እንዲመታበት ጠይቁ። ከውጭ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ወረዳችሁ ይመልስ እንደሆነ መድን ክፍሉን ጠይቁ፣ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ካርዳችሁን ማደስ የጊዜ ገደብ አለው፤ የታመማችሁ ዕለት ብትሮጡ አይሆንም። ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ሄዳችሁ «መድን አለኝ» አትበሉ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሳምንት ሲቀረው ኑ። ዓርብ ከሰዓት ግን አትምጡብኝ፣ ቆጠራ ላይ ነኝ።